ልሂድ ወይስ ልቅር? ስደት በአባቶቻችን ዘመንና በእኛ ዘመን

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው፡፡ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን፡፡

የመስጂዳችን ኮሚቴ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ ርእስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርኩም፡፡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጫማውን ሳያጠልቅ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛው አንድ ነው፡፡ ወጣቱ «ሸህ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ይላል፡፡ እናት «ሸህ፣ ልጄ ዐረብ አገር ካልሄድኩ ብላለች፤ ምን ልበላት?» ትላለች፡፡ ከወልዲያ እስከ መርሳ፣ ከውርጌሳ እስከ ጊራና፣ ወደ ዐረብ አገር ሰው ያልላከ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፡፡ የምንሰግድበት ምንጣፍ፣ አዛን የምንሰማበት ድምፅ ማጉያ፣ የስንቱ ቤት ቆርቆሮ፣ የስንቱ ሕፃን ደብተር ከዚያ በተላከ ገንዘብ የተገዛ እንደሆነ እናውቃለን፡፡ ስንት ሶላተል ጋኢብ እንደሰገድንም እናውቃለን፡፡

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ «ሂዱ» ወይም «ቅሩ» ብሎ በአንድ ቃል ለመፍረድ የተጻፈ አይደለም፡፡ ከእኛ በፊት በዚህ ጥያቄ ፊት የቆሙ ሰዎች እንዴት እንደወሰኑ ለመመልከትና ለራሳችን ሚዛን ለማግኘት ነው፡፡ ታሪካችንን ስንመረምር የምናገኘው ነገር ይህ ነው፤ መሄድም ሆነ መቅረት በራሱ ክብር ወይም ውርደት ሆኖ አያውቅም፡፡ ልዩነቱ የነበረው ውሳኔው በምን ሁኔታ ተወሰነ? ከማን ጋር ተመከረበት? የሚቀበለው ማን እንደሆነ ታውቋል ወይ? በሚለው ላይ ነው፡፡

ባሕሩን መጀመሪያ የተሻገሩት

ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን ይዘው የተሰደዱባት የመጀመሪያዋ ምድር ይህች የእኛ ምድር መሆኗን ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቃሉ፡፡ ይሁን እንጂ ታሪኩን የምናወሳው አብዛኛውን ጊዜ ለኩራት ነው፤ ለትምህርት ብለን ግን እምብዛም አንመረምረውም፡፡ እስኪ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው፡፡

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልእክት በወረደላቸው በአምስተኛው ዓመት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ገደማ፣ ቁረይሾች በምእመናኑ ላይ የሚያደርሱት በደል በበረታ ጊዜ፣ ነቢዩ ባልደረቦቻቸው ወደ ሐበሻ ምድር ቢሄዱ እንደሚሻል መከሯቸው፡፡ ሲመክሩም እንዲያው «ከዚህ ውጡ» ብለው አልነበረም፡፡ በዚያ ያለው ንጉሥ ፍትሐዊ መሆኑን፣ በእርሱ ዘንድ ሰው እንደማይበደል ነገሯቸው፡፡ እንግዲህ ሶሓቦቹ ከመነሣታቸው በፊት የሚሄዱበትን አገርና የተቀባያቸውን ጠባይ ያውቁ ነበር ማለት ነው፡፡

የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች 11 ወይም 12 ወንዶችና 4 ሴቶች ነበሩ፡፡ ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና የነቢዩ ልጅ የሆኑት ባለቤታቸው ሩቅያ (ረ.ዐ.) ከእነርሱ መካከል ነበሩ፡፡ ከጅዳ በስተ ደቡብ ባለችው በሹዐይባ ወደብ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው፣ የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በግማሽ ዲናር ተሳፍረው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ፡፡ ባሕሩ ዛሬ ልጆቻችን የሚሻገሩት ያው ባሕር ነው፤ የተገለበጠው አቅጣጫው ብቻ ነው፡፡

ጥቂት ወራት እንደቆዩ «የመካ ሰዎች ሰልመዋል» የሚል ወሬ ደረሳቸው፡፡ ወሬውን አምነው ተመለሱ፡፡ መካ አጠገብ ሲደርሱ ነገሩ ውሸት ሆኖ አገኙት፡፡ አንዳንዶቹ በሰው ጥበቃ ሥር ሆነው ወደ ከተማው ገቡ፤ ሌሎቹ ዳግመኛ ወደ ሐበሻ አቀኑ፡፡ በዚህ በሁለተኛው ጉዞ ቁጥራቸው በዝቶ ከ80 በላይ ወንዶችና 18 ያህል ሴቶች ሆኑ፡፡ እንግዲህ እነዚያን የመሰሉ ታላላቅ ሶሓቦች በወሬ ተጉዘው ከተጎዱ፣ በስልክ በተላከ ፎቶግራፍና በደላላ ምላስ የሚነሣ ወጣት ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል አስቡት፡፡

ቁረይሾችም ዝም አላሉም፡፡ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን የቆዳ ስጦታ አስይዘው ወደ ነጃሺ ላኩ፤ ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ፡፡ ነጃሺ ግን የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አልፈረደም፡፡ ስደተኞቹን አስጠራ፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ስለ ሁሉም ቆመው ተናገሩ፡፡ ንጉሡም ሁለቱን ወገን ካዳመጠ በኋላ አሳልፌ አልሰጥም አለ፤ ስጦታውንም መለሰ፡፡ ለስደተኛ ትልቁ ሀብት ይህ ነው፤ ፍርድ ፊት ቆሞ የሚናገርለትና የሚሰማው ማግኘት፡፡

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉልኝ፡፡

አንደኛው፣ የቀሩትም ነበሩ፡፡ ነቢዩ ራሳቸው ያን ጊዜ መካ ቀሩ፡፡ አቡበክር ለመሄድ ተነሥተው ኢብኑ ደጊና የተባለ የጎሣ አለቃ ጥበቃ ስለሰጣቸው ከመንገድ ተመለሱ፡፡ ቢላል ያንን ሁሉ ግፍ የተቀበሉት እዚያው ሆነው ነው፡፡ የሄደው በቀረው ላይ አልተመጻደቀም፤ የቀረውም የሄደውን ፈሪ ብሎ አልሰደበውም፡፡

ሁለተኛው፣ ጃዕፈርና ጓደኞቻቸው የነቢዩ ወደ መዲና መሰደድ እንደተሰማ በ622 ጓዛቸውን ጠቅልለው አልሮጡም፡፡ በሐበሻ ምድር ወልደውና ከብደው ኖረው፣ በሒጅራ በ7ኛው ዓመት፣ ማለትም በ628፣ ኸይበር በተያዘችበት ሰሞን ተመለሱ፡፡ ቀድመው መዲና የገቡት ብልጫ የእኛ ነው ባሉ ጊዜ የጃዕፈር ባለቤት አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ነገሩን ለነቢዩ አቀረቡ፤ ነቢዩም ለመርከቡ ሰዎች ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው አረጋገጡላቸው፡፡ ሰው በባዕድ አገር በትዕግሥት የኖረው ዘመን በከንቱ አይቆጠርበትም፡፡

ሦስተኛው፣ ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) በባዕድ አገር ያለ ባል ብቻቸውን በቀሩ ጊዜ ነቢዩ ለጋብቻ ወደ ነጃሺ ላኩ፤ ነጃሺም ጉዳዩን ፈጽሞ 400 ዲናር መህር ከራሱ ሰጠ፡፡ እኒያ ሴት በሰው አገር ተቆርቋሪ ነበራቸው፡፡ ዛሬ በሰው ቤት በር ተቆልፎባት፣ ፓስፖርቷ ተወስዶባት ያለችውን እህታችንን ጉዳይ የሚይዝ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፡፡

ደረሳውና የቦሩ ሜዳ ዘመን

ወደ አገራችን ታሪክ ስንመጣ፣ ወሎ ከቤት መውጣትን ከጥንት የለመደ ሕዝብ ነው፡፡ ደረሳ ኪታቡን በአገልግል ወይም በቆዳ ከረጢት ይዞ ከአንዱ ዘውያ ወደ ሌላው ይጓዝ ነበር፡፡ ፊቅሁን ከአንዱ ሸህ፣ ነሕዉን ከሌላው፣ ተፍሲሩን ከሦስተኛው ይቀራ ነበር፡፡ የዳና፣ የገታና የጀማ ንጉሥ ስም በሩቅ አገር የተሰማው በዚህ ነው፡፡ ከጅማ፣ ከአርሲና ከባሌ ሳይቀር ደረሶች ወደ ወሎ ይመጡ ነበር፡፡ ያ ደረሳ ግን ሌሊት ተሰርቆ አልወጣም፡፡ የወላጁን ዱኣ ይቀበላል፤ የሚሄድበትን ሸህ ስም ያውቃል፤ የሚያድርበት መንደር እራቱን እንደማይነሣው ያውቃል፡፡ ድሃ ሆኖ ይወጣል፤ ዓሊም ሆኖ ይመለሳል ወይም በሄደበት ያስተምራል፡፡

ከዚያም ከባዱ ዘመን መጣ፡፡ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የአገሩ ሕዝብ አንድ ሃይማኖት እንዲይዝ ወሰኑ፡፡ የወሎ ሙስሊሞች በተሰጣቸው የጊዜ ገደብ ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዙ፡፡ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እርሳቸው ናቸው፡፡ ይህን የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፡፡ በእኛ አገር አንዱ ወንድም ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን የሆነበት ቤት ዛሬም አለ፤ ለቅሷችንም ሠርጋችንም አንድ ነው፡፡ የማነሣው ያ ትውልድ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ለሚለው ጥያቄ የሰጣቸውን መልሶች ለማሳየት ነው፡፡

መልሶቹ አንድ ዓይነት አልነበሩም፡፡ ከአርጎባ የተነሡት ሸህ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር ተከታዮቻቸውን ይዘው በጦር ተቋቋሙ፡፡ ሌላው ሕዝብ ልጁንና መሬቱን ትቶ መሄድ ስላልቻለ ቀን የታዘዘውን እየፈጸመ ሌሊት በጓዳው እየሰገደ ቆየ፡፡ ብዙ ዑለማና ብዙ ተራ ሰው ደግሞ ወደ ጅማ፣ ወደ ጉራጌ፣ ወደ አርሲና ወደ ሐረርጌ ተሰደደ፡፡ በተለይ ጅማ በሙስሊም ንጉሥ ትገዛ ስለነበር የወሎ ሸሆች በዚያ ተከበሩ፤ መድረሳ ከፈቱ፤ አስተማሩ፡፡ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ጦርነት ካረፉ በኋላ ግዴታው እየላላ ሄደ፡፡ ከተሰደዱት የተመለሱ ነበሩ፤ በዚያው ተዋልደው የቀሩም ነበሩ፡፡

እስኪ አስተውሉ! ሁሉም ቢሰደድ ኖሮ ዛሬ በየጁና በወሎ መስጂድ ባልቆመ፤ ሁሉም ቢቀር ኖሮ ደግሞ ያ ሁሉ ዕውቀት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ባልተሻገረ ነበር፡፡ የቀረው መሬቱንና መስጂዱን ጠበቀ፤ የሄደው ኪታቡን ይዞ ሄደ፡፡ የሄደውም የሄደው ወደሚያውቀው እምነትና ወደሚያከብረው ሕዝብ ነው፡፡

ሳይወስኑ የወጡ

ከቤት መውጣት ሁሉ ግን በውሳኔ አይደለም፡፡ ሳይመክሩ፣ ሳይመርጡ የወጡ ብዙዎች አሉ፡፡ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ጊዜ ገበሬው በሬውን በልቶ፣ በሩን ዘግቶ ወደ ደሴና ወልዲያ አውራ ጎዳና ወጣ፡፡ አስፋልቱ ዳር የወደቀውን ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል፡፡ የመንግሥቱ ሹማምንት ነገሩን ሸሸጉት፤ ረሃቡም ከዘውዱ መውደቅ ምክንያቶች አንዱ ሆነ፡፡

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ረሃብ እንደገና መጣ፡፡ የዓለም ሕዝብ የኮረምን መጠለያ በቴሌቪዥን አየ፡፡ ያን ጊዜ የደርግ መንግሥት ተጎጂውን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ማስፈር መፍትሔ ነው አለ፡፡ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ጎጃም መተከል ተወሰደ፡፡ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው የወሎ ሰው ነበር፡፡ በፈቃዱ የተመዘገበ ነበረ፤ እህል ሊቀበል ሄዶ የተጫነም ነበረ፡፡ ባል በአንዱ መኪና፣ ሚስት በሌላው የሄዱበት ጊዜ ነበር፡፡ የቆላ በሽታ ብዙውን ጨረሰ፡፡ ሸሽተው በእግራቸው ወራት ተጉዘው የተመለሱ ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ብዙዎች ወደ ቀያቸው ተመለሱ፡፡ በዚያው ሠርተው የከበሩም አሉ፡፡

ይህን የጠቀስኩት በአንድ ምክንያት ነው፡፡ ሌላ ሰው የወሰነለት ጉዞ ምን እንደሚመስል አባቶቻችን ቀምሰውታል፡፡ ዛሬ መንግሥት በግድ መኪና ላይ አይጭነንም፤ ነገር ግን ደላላ ሲወስንልን፣ የጓደኛ ፉክክር ሲወስንልን፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ሲወስንልን ዝም እንላለን፡፡ ይህም የሌላ ሰው ውሳኔ ነው፡፡

የዐረብ አገር በር

ከነዳጁ ዘመን በፊት ሰው ከዚያ ወደዚህ ይመጣ እንደነበር ወጣቶቻችን አያውቁትም ይሆናል፡፡ የመናውያን፣ በተለይም የሐድረመውት ሰዎች፣ ችግር ከአገራቸው ሲያስወጣቸው ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች መጥተው ሱቅ ከፈቱ፤ አግብተው ወለዱ፡፡ «ዐረብ ቤት» የሚባለውን ሱቅ ሽማግሌዎች ያስታውሱታል፡፡ ዛሬ ስማቸው የሚነሣው ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ እንኳ ከሐድረሚ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልደው በወልዲያ ያደጉ ናቸው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ሄደው በኋላ የዚያ አገር ዜጋና ታላቅ ባለሀብት ሆኑ፡፡ በወልዲያ ያሠሩት ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፡፡ ወጣቶች ከእኔ ጋር ሲከራከሩ «እርሳቸውስ ከዚሁ ሄደው አይደል?» ይሉኛል፡፡ እውነት ነው፡፡ ነገር ግን እርሳቸው የሄዱት የነዳጅ ሀብት በሩን በከፈተበት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሄደው ከመቶ ሺዎች መካከልም አንድ ሰው ናቸው፡፡ በአንድ ሰው ዕድል ሺህ ሰው መንገዱን አይለካም፡፡ እርሳቸውም ቢሆኑ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሪያድ ውስጥ ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር ተይዘው እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. ድረስ ቆይተዋል፡፡ ሀብትም የሰው አገርን የራስ አገር አያደርገውም፡፡

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከአገር መውጣት ቀለለ፡፡ እህቶቻችን ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳና ወደ ሪያድ በ«ኮንትራት» መሄድ ጀመሩ፡፡ በዑምራ ቪዛ ሄዶ መቅረትም ተለመደ፡፡ መንግሥት በ1990፣ በ2001 እና በ2008 ዓ.ም. የሠራተኛ ስምሪት አዋጆችን አወጣ፡፡ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞው ለጊዜው ታገደ፡፡ ያኑ ሰሞን ሳውዲ ዐረቢያ ኢቃማ የሌላቸውን ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፡፡ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ሁለተኛ የምሕረት አዋጅ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም ተመላሹ በመቶ ሺዎች ተቆጠረ፡፡ እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ፡፡ ልብ በሉ! የሕጉ በር በተዘጋባቸው በእነዚያ ዓመታት ሰው መሄዱን አልተወም፤ የባሕሩን መንገድ መረጠ እንጂ፡፡

የዛሬው መንገድ

የባሕሩን መንገድ የማያውቅ የለም፡፡ ከእኛ አገር ወደ አፋር ቆላ ይወረዳል፤ በጅቡቲ በረሃ ወደ ታጁራና ኦቦክ ይዘለቃል፤ በጀልባ ባብ ኤል መንደብ ይታለፋል፤ ከዚያ በጦርነት የተቃጠለችው የመን ትጠብቃለች፡፡ በየመን ስደተኛውን ከጀልባ ተቀብለው የሚያግቱ፣ ጩኸቱን በስልክ ለእናቱ እያሰሙ ቤዛ የሚጠይቁ አሉ፡፡ ያንን አልፎ ሰዓዳ የደረሰ የሳውዲን ተራራ ድንበር ይጋፈጣል፡፡

የሆነውን እንቁጠር፡፡ በየካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰንዓ ውስጥ ስደተኞች በታሰሩበት አዳራሽ እሳት ተነሥቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቃጠሉ፡፡ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሏል፤ የሳውዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል፡፡ በመጋቢት ማብቂያና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ጅቡቲ ባሕር ላይ ሰጠሙ፡፡ በሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰዓዳ ውስጥ ስደተኞች የታሰሩበት ሥፍራ በአሜሪካ የአየር ጥቃት ተመትቶ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፡፡ በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን በአብየን ጠረፍ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ90 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፡፡

የመጀመሪያዎቹ ሶሓቦች በግማሽ ዲናር የተሻገሩት ባሕር ይኸው ነው፡፡ እነርሱ ወደ ፍትሕ ተሻገሩ፤ የእኛ ልጆች ወደ ማን ነው የሚሻገሩት?

«እዚህስ ምን አለ?» ለሚለው

ወጣቱን «ቅር» ብዬ ዝም ብል አላህ ይጠይቀኛል፡፡ «እዚህስ ምን አለኝ?» ሲል ጥያቄው የእውነት ነው፡፡ መሬት ለመጨረሻ ጊዜ ከተደለደለ ሩብ ምእተ ዓመት አልፏል፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ከአባቱ ሩብ ሄክታር ላይ ወንድሞቹን እየተጋፋ ነው ያደገው፡፡ አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰው ሥራ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል፡፡ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ወልዲያና ወደ መርሳ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ንብረት ወደመ፤ ሰው ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ተሰደደ፤ ከዚያም አለፈ፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልላችን ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፡፡ እንዲህ ባለ ጊዜ ወጣት ልቡ ቢሸፍት አይገርምም፡፡

ግን ደግሞ የአገራችንን ሀብት አሳንሰን አንንገር፡፡ የመርሳና የጊራና መስኖ ሽንኩርት፣ ማንጎና ብርቱካን ያወጣል፡፡ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል እዚሁ ሐብሩ ውስጥ ሆኖ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ሲያወጣ ኖሯል፡፡ ለደላላ የሚሰጠው ገንዘብ፣ ለቤዛ የሚላከው ገንዘብ፣ ሁለት በሬ ተሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ሲደመር፣ ለውኃ መሳቢያ ሞተር ወይም ለትንሽ ሱቅ መነሻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው፡፡ ለሥራ ሲባል አንድም ሰው የማያበድረው ገንዘብ ለስደት ሲባል በሁለት ቀን ይሰበሰባል! ቤዛ ሲጠየቅ በመስጂዱ በር ነጠላ ዘርግተን እንለምናለን፡፡ ያንን ነጠላ ልጁ ከመውጣቱ በፊት ብንዘረጋውስ?

ከመወሰን በፊት

ቁርኣን የአላህ ምድር ሰፊ መሆኗን አስተምሮናል፤ ሪዝቅ ፍለጋ መጓዝ የተፈቀደ ነው፡፡ በዚያው ቁርኣን ግን ነፍስን በገዛ እጅ ወደ ጥፋት መጣል ተከልክሏል፡፡ ሥራ ሁሉ በንይያ እንደሚመዘንም ተምረናል፡፡ ስለዚህ ለመሄድ የሚያስብ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ለራሱ ይመልስ፡፡

የሚቀበልህ ማን ነው? ስሙን፣ ሥራውን፣ ደመወዙን ታውቃለህን? ሶሓቦቹ የነጃሺን ፍትሕ ያውቁ ነበር፡፡ አንተ ከፊልህን የማታውቅ ከሆነ ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ወሬ ነው የምትሄደው፡፡

በምን መንገድ ነው የምትሄደው? በሕጋዊ ውል፣ በፓስፖርትና በታወቀ ኤጀንሲ የሚሄድና በኦቦክ ጀልባ የሚሄድ አንድ አይደሉም፡፡ የመጀመሪያው ችግር ቢኖርበትም ፍርድ የሚጠየቅበት ወረቀት አለው፡፡ ሁለተኛውን በተመለከተ ቃሌን አላለዝብም፤ የሚታየውን ሞት እያዩ መሄድ ተወኩል አይደለም፡፡ ተወኩል ግመልን ካሰሩ በኋላ ነው፡፡

ከማን ጋር መከርክ? ወላጅህን ሳትሰናበት፣ ሚስትህን ሳታማክር ሌሊት ከወጣህ፣ ያ ደረሳ ይዞት ይወጣ የነበረውን ዱኣ አጥተሃል፡፡ ኢስቲኻራ ከመስገድህ በፊት ከሚያውቁ ጋር ተመካከር፡፡ ደላላው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ የሚሰገድ ኢስቲኻራ አላህን መጠየቅ ሳይሆን ለተወሰነው ነገር ማኅተም መለመን ነው፡፡

የሰው ሐቅ አለብህን? ዕዳ ትተህ፣ የአባትህን በሬ አሽጠህ፣ ታናናሾችህን አስርበህ ከሆነ የምትሄደው፣ ጉዞህ ሳይጀመር ሐቅ ተሸክሟል፡፡

አንቺ እህቴ ሆይ! ውልሽን ሳታነቢ ወይም የሚያነብ ሰው ሳታስነብቢ አትፈርሚ፡፡ የውሉን ቅጂ ለቤተሰብሽ ተይ፡፡ የኤምባሲውን ስልክ በቃልሽ ያዢ፡፡ ነጃሺ የኡሙ ሐቢባን ጉዳይ እንደያዘላቸው፣ ያንቺን ጉዳይ የሚከታተል አንድ የታወቀ ሰው ከመሄድሽ በፊት ይኑርሽ፡፡

እናንተ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን በጎረቤት ልጅ አትለኩት፡፡ «እገሌ ቪላ ሠራ፤ አንተ እዚህ ትጎለታለህ» የሚል አንድ ቃል ስንቱን ወጣት ሌሊት አስወጥቶታል! ከተላከላችሁም፣ የተላከው ገንዘብ አማና ነው፡፡ እህት በሰው ቤት ወለል ተደፍታ የላከችውን ወንድም በጫትና በሞተር ብስክሌት ቢያጠፋው፣ ስትመለስ ባዶ ቤት ብትጠብቃት፣ ይህ ከአሠሪዋ ግፍ የማይተናነስ ግፍ ነው፡፡ በስሟ ይቀመጥላት፡፡

የተመለሰውንም ወንድማችንን አንናቅ፡፡ ባዶ እጁን የመጣ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፡፡ ጃዕፈር ከሐበሻ ሲመለሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቅፈው ተቀበሏቸው፤ ምን ይዘህ መጣህ ብለው አልጠየቁም፡፡

እኛ የመስጂድ ሰዎችም ድርሻ አለን፡፡ ለዚህ መስጂድ ኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ለመሄድ ያሰበ ወጣትና ወላጆቹ ውሳኔያቸውን ከማሰራቸው በፊት የሚመክሯቸው ጥቂት ሽማግሌዎችና ከዚያ የተመለሱ ወንድሞችና እህቶች ይመረጡ፡፡ የተመለሰው የሚያውቀውን እኔ ከሚንበር ላይ አላውቀውም፡፡ ለቤዛ የምናዋጣውንም ያህል፣ መሥራት ለሚፈልግ ወጣት ወለድ የሌለው ብድር የምንሰጥበት ትንሽ ሣጥን ይኑረን፡፡ ያኔ የሚሄደው መክሮ ይሄዳል፤ የሚቀረውም ተረስቶ አይቀርም፡፡

አላህ በባሕርና በበረሃ ያለቁትን ይማርልን፤ በሰው አገር ያሉትን ይጠብቅልን፤ የታሰሩትን ያስፈታልን፤ ለአገራችን ሰላምና በረካ ይስጥልን፤ ልጆቻችንን የሚወጡበትንም የሚኖሩበትንም መንገድ ያሳምርላቸው፡፡ አሚን፡፡

ወላሁ አዕለም፡፡ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፡፡